«ሻይ» ዓይን አፋር ነው፣ በርጋጊ ነው ወይስ ጎደሎ? ትክክለኛውን የአማርኛ ቃል ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ «ሻይ» ያለ ሰው ብርጭቆ ይቀርብለታል። እንግሊዝኛው ግን በዚሁ ድምፅ የሚጠራ ሌላ ቃል (shy) አለው። ተማሪው መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ዓይን አፋር» የሚል ያገኛል፣ ያንኑ ይዞም ይሄዳል። ቃሉ ሰው ላይ እስካረፈ ድረስ ይህ ትርጉም ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ፈረስ ላይ፣ የቡና እግር ላይ ወይም የኩንታል ቁጥር ላይ ሲያርፍ ግን ጉድ ይፈላል። በአንድ የቡና ማኅበር ሪፖርት ላይ «ጀስት ሻይ ኦፍ 600 ኩንታል» የሚል ቢኖርና ተርጓሚው «600 ኩንታል ለማስገባት ያፈረ» ብሎ ቢጽፍ፣ መዝገበ ቃላቱ አላሳሳተውም። ያሳሳተው ቃሉን ብቻ አይቶ ተከታዩን ሳያይ ማለፉ ነው።

ስለዚህ ከቃሉ በፊት ጎረቤቶቹን እዩ። በስተቀኙ «ኦፍ» እና ቁጥር አለ? «አወይ ፍሮም» ይከተለዋል? በስተግራው በሰረዝ የተቀጠለ ስም አለ? ግስ ሆኖ «ሻይድ» ተብሏል? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ «የለም» ከሆነና የሚወራውም ስለ ሰው ከሆነ፣ ያኔ ወደ ዓይን አፋርና ወደ ዘመዶቹ ይኬዳል። እዚያም ቢሆን ምርጫው ሰፊ ነው።

ቁጥር ሲከተለው

ይህ ቀላሉ ነው። ከቁጥር በፊት የሚመጣው «ሻይ ኦፍ» ጉድለትን ይናገራል፣ ሐፍረት የሚባል ነገር የለበትም። አማርኛው «ሊሞላ ጥቂት የቀረው»፣ «ሲቀረው» ወይም «የሚጎድለው» ነው። ኪሱ ውስጥ 990 ብር ያለው ሰው ከ1,000 ብር 10 ብር «ሻይ» ነው፤ በእኛ «ለሺህ 10 ብር ይጎድለዋል»። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች «ጀስት ሻይ ኦፍ 1,800» ብትባል ልክ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲነግሡ 54 ዓመት ነው፤ ለ55 አንድ ዓመት «ሻይ»።

እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት «ገደማ» ብሎ ማለፍ ነው። «ገደማ» ከቁጥሩ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል፣ «ሻይ ኦፍ» ግን ሁልጊዜ በታች ነው። 1,810 ሜትር «ሻይ ኦፍ 1,800» አይባልም። ነገሩ በሪፖርት ላይ ጥቃቅን ይመስላል፤ ሕግ ነክ ጽሑፍ ላይ ግን ሰው ይጎዳል። «አንድ ቀን ሻይ ኦፍ 18» የተባለ ልጅ 18 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶታል፣ ማለትም ለአካለ መጠን አልደረሰም። «18 ዓመት ገደማ» ተብሎ ከተተረጎመ ዋናው ነገር ጠፋ። አጠቃቀሙ ከአሜሪካ የመጣና የጨዋታ ቃና ያለው ስለሆነ፣ እናንተ ራሳችሁ በእንግሊዝኛ መደበኛ ሪፖርት ስትጽፉ «ሌስ ዛን» ወይም «ኦልሞስት» ብትሉ ይሻላል።

ፈረስ ሲሆን

የቃሉ ሥር ያለው እዚህ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል «ቶሎ የሚደነግጥ» ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው «ሾይ»ም ዘመዱ ነው። አንድ ነገር ድንገት ሲታይ አካል ከዚያ ነገር ሽሽት ወደ ጎን ይላል፤ ቀሪዎቹ ትርጉሞች በአብዛኛው የዚህ እንቅስቃሴ ልጆች ናቸው።

በገበያ ቀን ወደ ሂርማታ፣ ወደ ጅማው ገበያ፣ የሚወርድ የፈረስ ጋሪ አስቡ። ከቦዩ ዳር ንፋስ ያነሳው ጥቁር ፌስታል ብድግ ይላል። ፈረሱ መጀመሪያ ጆሮውን ይቀስራል፣ ቀጥሎ አንገቱን ሽቅብ ይመዛል፣ ከዚያ የፊት እግሮቹን ፌስታሉ ካለበት በተቃራኒ ወደ ጎን ይወረውራል። ጋሪው ይንጋደዳል፣ ባለጋሪው ልጓሙን ይስባል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ እንግሊዝኛው «ሻይድ» የሚለው ይህንን ነው። የፈረስ ዓይን በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጠ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የጋሪ ፈረስ በዓይኑ ዳርና ዳር ቆዳ የሚደረግለትም ለዚሁ ነው።

አማርኛው «በረገገ» ነው። በርግጎ እዚያው ካልቆመና ሸሽቶ ከሮጠ «ደነበረ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ለዚያ ሌላ ግስ አለው። ስለዚህ «ዘ ሆርስ ሻይድ» በ«ደነበረ» ሲተረጎም ፈረሱ ከተባለው በላይ ርቆ ይሄዳል። «ፈረሱ አፈረ» ያለ ሰው ካለ ደግሞ ባለጋሪው ይስቅበታል።

ሰው የማያስጠጋ የዱር እንስሳም በእንግሊዝኛ «ሻይ» ነው። ድኩላ በደን ዳር ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ከተሰወረ «ሰው የሚሸሽ» ወይም «ሰው የማያስጠጋ» በሉት። የተቃራኒው ቃል «ለማዳ» ነው፤ ይህን ካሰባችሁ ዓይን አፋርነት ከጉዳዩ እንደሌለበት ወዲያው ይታያል።

«ሻይ አወይ ፍሮም» የመጣው ከዚሁ ፈረስ ነው። ሰው ላይ ሲነገርም «አፈገፈገ»፣ «ሸሸ»፣ «ወደኋላ አለ» ነው። አንድ ነጋዴ ከባንክ ብድር «ሻይ አወይ» ካለ ብድሩን ፈርቶ ወይም አስልቶ ነው የተወው፤ ዓይን አፋር ስለሆነ አይደለም። እንግሊዞች «አንዴ የተነከሰ ሁለቴ ሻይ ነው» ሲሉም ቃሉ ያው የፈረሱ ነው፤ የእኛው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ቁልጭ አድርጎ ይመልሰዋል። «በረየ» እና «ሻይድ» እዚህ ላይ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ገጠመኝ በትርጉም ሥራ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሰው ሲሆን

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የጠቀለለውን አማርኛ ከስድስት ሰባት ቦታ በታትኖ አስቀምጦታል። ከየትኛው እንደሚነሳ ለማወቅ ሰውየው የሚሸሸው ምን እንደሆነ ይጠየቅ፦ የሰው ዓይን ነው፣ ጉዳት ነው፣ ወሬ ነው ወይስ ጫጫታ?

ዓይን አፋር የሚሸሸው የሰው ዓይን ነው። እንግዳ ሲገባ ልጅቷ ከበሩ መቃን ጀርባ ትቆማለች፣ አንድ ዓይኗን ብቻ ታወጣለች፣ የቀሚሷን ጫፍ ታኝካለች፣ በእግሯ አውራ ጣት መሬቱን ትጭራለች። እናት «ነይ እንጂ፣ ሰላም በይ» ስትል ይብስባታል። የዚህ ቃል መለያ ጊዜ ነው፤ ዓይን አፋርነት በመላመድ ይለቃል። በአቦል ከበር ጀርባ የነበረች ልጅ በበረካ እንግዳው ጭን ላይ ከተገኘች ቃሉ ትክክል ነው። በበረካም ከዚያው ካልተነቃነቀች፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ከሆነች፣ «ድንጉጥ» ወይም «ሰው የምትፈራ» የሚለው ይቀርባል።

ድንጉጥ ትንሽ ድምፅ የምታስበረግገው፣ ጉዳት ይመጣብኛል የሚል ነው፤ የእንግሊዝኛው «ቲሚድ» ወደዚህ ያደላል። «ፈሪ» ከዚህ አልፎ ፍርድ ነው፣ «ቦቅቧቃ» ደግሞ ስድብ። መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለት ቃል መናገር የሚያቅተው ሰው ሌሊት ጅብ በሚያልፍበት መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዓይን አፋር እንጂ ፈሪ አይባልም።

ዝምተኛ፣ ቁጥብና ጭምት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ዝምተኛ ንግግሩ ማነሱን ብቻ ይናገራል፣ ምክንያቱን አይሰጥም። ቁጥብ መናገር እየቻለ መጥኖ የሚናገር ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሪዘርቭድ» በጣም ይቀርበዋል። ጭምት እርጋታና እግዚአብሔርን መፍራት ስላለበት ለሽማግሌ፣ ለመነኩሴ ወይም ረጋ ላለ ወጣት ያምራል። የአምስት ዓመት ልጅ «ጭምት ናት» ሲባል ልጅቷ አሮጊት ትመስላለች። አንቱ የሚባሉ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት «ዓይን አፋር ነዎት» አይባሉም፤ «ቁጥብ ናቸው» ይባላል።

«ኢንትሮቨርት» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ ከመቶ ዓመት በፊት ያስፋፋው ይህ ቃል ፍርሃትን አይናገርም። ሰው መሀል መዋል የሚያደክመውን፣ ብቻውን ሲሆን የሚያገግመውን ሰው ነው የሚገልጸው። መለያው ግብዣ ነው፦ ሠርግ ተጠርቶ መሄድ እየፈለገ እግሩ እምቢ ያለው «ሻይ» ነው፤ ሂዱ ብሎ ቤቱ መቅረት ደስ የሚለው ኢንትሮቨርት ነው። ለሁለተኛው አማርኛ ገና አንድ የረጋ ቃል ስለሌለው «ብቻውን መሆን የሚመርጥ» ብሎ መዘርዘር ይሻላል፤ «ሰው ጠል» ብሎ መጻፍ ግን ስም ማጥፋት ነው።

ሁለት ግሶች ከቅጽሎቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። «ተሽኮረመመ» የፍቅርና የሙገሳ ነው፤ ሐፍረቱ እውነት ቢሆንም ትንሽ መታየት ይፈልጋል፣ የእንግሊዝኛው «ኮይ» እዚህ ይወድቃል። ለሴት ብቻ እንደሆነ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ወንዱም ሲመሰገን ይሽኮረመማል። «ተግደረደረ» ደግሞ እየፈለጉ እምቢ ማለት ነው፣ ቦታውም ማዕድ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊልም ላይ አስተናጋጇ «ዶንት ቢ ሻይ» ስትል የእኛዋ እናት የምትለው «ብሉ እንጂ፣ ምን ትግደረደራላችሁ!» ነው። ይኸው አነጋገር ክፍል ውስጥ «አይዞህ፣ ተናገር»፣ ፎቶ ሲነሳ «ቀና በል እስቲ» ይሆናል። «ዓይን አፋር አትሁኑ» በሦስቱም ቦታ የመጽሐፍ ይሆናል።

ይሉኝታን «ሻይ» ብሎ የሚመልስ ብዙ ሰው አለ። ስህተት ነው። ይሉኝታ የሚሸሸው ወሬን ነው፣ «ምን ይሉኛል?» ከሚለው ነው ስሙም የተነሳው። ደፋርና ተናጋሪ ሰው ያበደረውን ገንዘብ ለመጠየቅ ይሉኝታ ሊይዘው ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲወሰድ አንድ ቃል ከመፈለግ «ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ ተወው» የሚለውን መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

ደግሞ አማርኛ ሐፍረትን ከቅጽል ይልቅ በአካል መናገር ይወዳል። «አ ሻይ ስማይል» የሚለውን «ዓይን አፋር ፈገግታ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አለ፤ ፈገግታ ግን ዓይን የለውም። «ፈገግ ብላ አቀረቀረች» ቢባል ያንባቢው ዓይን ያየዋል። ብቻ ጥንቃቄ አለው፦ «አቀረቀረ» ገለልተኛ ነው፣ «አንገቱን ደፋ» ጥፋት ወይም ሐዘን ይሸተዋል፣ «ተሸማቀቀ» ደግሞ ሰው እንዳሳነሰው ይናገራል።

ማሞገስና መንቀፍ

የቃላቱን ክብደት የሚያሳየው ተቃራኒያቸው ነው። የዓይን አፋር ተቃራኒ «ዓይን አውጣ» ነው፣ ስድብ። ስለዚህ በአማርኛ ዓይን አፋርነት፣ በተለይ ለልጅ፣ ግማሹ ምስጋና ነው፤ «ማፈር ድሮ ቀረ» የሚባለውም ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛው «ሻይ» ተቃራኒ ግን ተግባቢና በራሱ የሚተማመን ሰው ነው፤ እዚያ ቃሉ ወደ ድክመት ያዘነብላል። የሥራ ግምገማ ላይ «ሺ ኢዝ ሻይ» ተጽፎ «ዓይን አፋር ናት» ተብሎ ከተተረጎመ ነቀፌታው ሙገሳ ሆነ ማለት ነው። «ሐሳቧን በስብሰባ ለመናገር ትቸገራለች» ብሎ መገልበጥ ይገባል።

«አፈረ» የሚያሳስተው

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «አፈርኩ»ን ሁሉ በ«ሻይ» መመለስ ነው። አማርኛ ለሦስት ነገር አንድ ግስ ይጠቀማል፣ እንግሊዝኛ ይለያያቸዋል። ጥፋት ካለ «አሼምድ» ነው፤ በፈተና ኮርጆ የተያዘ ተማሪ ያፈረው እንደዚህ ነው። ጥፋት ሳይኖር አንድ አጋጣሚ ካለ፣ ለምሳሌ ሰው ፊት ተደናቅፎ ከወደቀ ወይም ሱሪው ከተቀደደ፣ «ኢምባራስድ» ነው። ጥፋትም አጋጣሚም ከሌለ፣ ጠባዩ ብቻ ከሆነ፣ «ሻይ» ይሆናል። ስለዚህ «ፈተና ወድቄ አፈርኩ» በ«ሻይ» አይሄድም፤ «በእንግሊዝኛ መናገር አፍራለሁ» ግን ይሄዳል።

ቤቱ አፋን ኦሮሞ ለሚናገር የጅማ ተማሪ መንገዱ ብዙም አይቀልም። «ሳልፊ» እና «ቃኒ» እንደ አማርኛው «ሐፍረት» ዓይን አፋርነትንም እፍረትንም ስለሚያቅፉ፣ ከሁለቱም ቋንቋ ሲነሳ ያው ወጥመድ ይጠብቀዋል። «ሶዳ» ፍርሃት ስለሆነ እሱን ከ«ቲሚድ» ጋር ማጣመር ይረዳል።

ሐኪም ቤት ደግሞ «ሻይ» የበሽታ ስም አይደለም። ሰው ፊት መናገር፣ መብላት ወይም መታየት የሚያመጣው ፍርሃት 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ትምህርትን ወይም ሥራን ካሰናከለ ባለሙያዎች ማኅበራዊ ጭንቀት ይሉታል። በታካሚ ካርድ ትርጉም ላይ ሁለቱን በአንድ ቃል መጻፍ ሕመሙን ጠባይ ያደርገዋል።

በሰረዝ ሲቀጠል

እዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ከሰረዙ በፊት ያለው ስም የሚሸሸው ነገር ነው። «ካሜራ-ሻይ» ፎቶ መነሳት የማይወድ ነው፤ «ፐብሊሲቲ-ሻይ» ታይታ የማይወድ። «ወርክ-ሻይ» ሥራ ጠል ነው፣ ሐፍረት ቀርቶ ይሉኝታም የለበትም። «ገን-ሻይ» መጀመሪያ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሚሸሽ የአደን ውሻ ነበር፤ ዛሬ አንዴ ተጎድቶ ለሁለተኛው የሚያመነታን ሰው ይገልጻል። ሰረዝ ባይኖረውም «ሻይ ብላደር» ሰው በአጠገቡ ካለ ሽንቱ እምቢ የሚለው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና ሲቀበል ሊያውቀው ይገባል፤ «ሐፍረተኛ ፊኛ» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ግን ማንንም አይረዳም።

የእርሻ ሰው የሚያገኘው «ሻይ ቤረር» የሚለውን ነው፤ በተፈጥሮው ፍሬ የማይበዛለት ተክል ማለት ነው። ቡና ላይ ሲመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ፍሬ የበዛበት ዓመት ምግቡን ለፍሬው ስለሚሰጥ አዲስ ቅርንጫፍ ያንሳል፣ በቀጣዩ ዓመት ምርቱ ይቀንሳል። ይህ መፈራረቅ እንጂ «ሻይ» መሆን አይደለም። በየዓመቱ፣ ጥላውም ዝናቡም ደህና ሆኖ ሳለ፣ ፍሬው ስስ የሆነው እግር ነው በዚህ ስም የሚጠራው። ሁለቱን በአንድ «ፍሬ አልያዘም» የጨረሰ ተርጓሚ ገበሬውን ደህናውን እግር እንዲነቅል ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ቀሪ አለ፦ መወርወር። በእንግሊዝ የትርኢት ሜዳ ኮኮናት በእንጨት ላይ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹ በኳስ መትቶ ይጥለዋል፤ ጨዋታው «ኮኮናት ሻይ» ይባላል። ግሱ «ወረወረ» ነው፣ «ሃቭ ኤ ሻይ አት» ደግሞ «ሞከረ»። ከዓይን አፋርነት ጋር አታዛምዱት።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ

ብዙ ሰው ይህን ቃል በራሱ ብዕር የሚጠቀመው ለስኮላርሺፕ ወይም ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። መምህሩ በልቡ «ጨዋ፣ ዓይን አፋር ልጅ ናት» ብሎ ያስባል፣ በእንግሊዝኛው «ሻይ» ብሎ ያሰፍራል፤ አንባቢው ደግሞ «ይቺ ልጅ ቡድን ውስጥ አትሠራም» ብሎ ያነባል። ማለት የተፈለገው ጨዋነት ከሆነ «ፖላይት»፣ በራሷ አለመመጻደቅ ከሆነ «ሞደስት»፣ መጥና መናገሯ ከሆነ «ሪዘርቭድ» ይጻፍ። በእርግጥ ዓይን አፋር ከሆነችና መደበቅ ካልተፈለገ፣ ቃሉን ብቻውን አትተዉት። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙም አትናገርም፤ ከተላመደች በኋላ የቡድኑን ጽሑፍ የምታቀርበው እሷ ነች» የሚለውን በእንግሊዝኛ አድርጉና ከጎኑ አስቀምጡለት።